ነባር ከተሞች እንዴት ያንሰራራሉ? የድሬዳዋ ጉዞና ለነዋሪው ያለው ትርጉም

ማንኛውም ከተማ የሚቆረቆርበት ምክንያት አለው። ምክንያቱ ገበያ፣ የባቡር ጣቢያ፣ ቤተ መንግሥት፣ ፍል ውኃ ወይም የመንገድ መገናኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ምክንያት ሲዳከም ከተማውም አብሮ ይቀዛቀዛል፤ አዲስ ምክንያት ሲያገኝ ደግሞ ዳግም ይነሣል። በአገራችን ከተሞች ታሪክ ይህን ሂደት ከሌሎች ይልቅ ጎልቶ የሚያሳየው የድሬዳዋ ጉዞ ነው። ከተማዋ ከባቡር ጋር ተወልዳ፣ ከባቡሩ ጋር ተዳክማ፣ በአዲስ የባቡር መስመርና በአዳዲስ የኢኮኖሚ ተቋማት ዳግም በማንሰራራት ላይ ትገኛለች።

ይሁን እንጂ የአንድ ከተማ ማንሰራራት በግንባታ ብቻ የሚለካ አይደለም። ከተማ ሲነሣ የመሬት ዋጋ ይለወጣል፣ የፕላን አተገባበር ይጠብቃል፣ ነባር ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ይታጫሉ። በዚህ ወቅት ተጠቃሚ የሚሆነው መብቱን የሚያውቅና ሰነዱን ያሟላ ነዋሪ ነው። ይህ ጽሑፍ የድሬዳዋን ጉዞ መነሻ በማድረግ፣ የነባር ከተሞች ነዋሪዎች ሊያውቋቸውና አስቀድመው ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የባቡር መስመር ለመዘርጋት የሚያስችለውን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ግንባታ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትገኝበት ሥፍራ ደረሰ። በመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ በጥንታዊቷ የንግድ ከተማ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከፍተኛ በመሆኑ ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በዚህም የተነሣ ከሐረር በታች በሚገኘው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር።

የባቡር ኩባንያው በገንዘብ እጥረት ምክንያት ሥራውን ለዓመታት በማቋረጡ፣ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ጣቢያ ሆና ቆየች። ለከተማዋ ይህ ታላቅ ዕድል ነበር። ወደ መሐል አገር የሚሄደው ዕቃ በሙሉ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው፣ ወደ ውጭ የሚላከው ቡናና ቆዳም ከእንስሳት ጀርባ ወርዶ በባቡር የሚጫነው በዚያው ነበር። መስመሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አጠቃላይ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ከዚያም በኋላ የባቡሩ ዋና የጥገና ጋራዥ በድሬዳዋ በመሆኑ፣ ከተማዋ የባቡር ሠራተኛ፣ የመካኒክ፣ የነጋዴና የጉምሩክ አስተላላፊ ከተማ ሆና ቀጠለች።

የከተማዋ አቀማመጥም ይህንኑ ታሪክ ያሳያል። በደቻቱ ወንዝ አንድ ወገን የምትገኘው ከዚራ በባቡር ኩባንያው ፕላን የተሠራች፣ ቀጥ ያሉ መንገዶችና በዛፍ የተጋረዱ ጎዳናዎች ያሏት ሰፈር ናት። በሌላው ወገን ያለችው መጋላ ደግሞ በንግድ ዙሪያ፣ በነዋሪዎች አሰፋፈር ቀስ በቀስ ያደገች ናት። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ፣ ሐረሪ፣ ጉራጌ፣ ዐረብ፣ ግሪክ፣ አርመንና ሕንዳዊ በአንድ ገበያ የተገናኙባት ከተማ በመሆኗ፣ የአብሮ መኖር ባህሏ እስከ ዛሬ ይነገርላታል።

የመቀዛቀዙ ምክንያቶች

የድሬዳዋ መቀዛቀዝ በአንድ ክስተት የመጣ ሳይሆን ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመ ነው። ምክንያቶቹ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የጭነት ንግድ መንገዱን መቀየሩ ነው። የአሰብ ወደብና ወደዚያ የሚወስደው የመኪና መንገድ ሲስፋፋ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው የገቢና የወጪ ዕቃ ከባቡር ወደ ከባድ መኪና ተዛወረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተፈጠረው ጦርነት ምክንያት የአሰብ አገልግሎት ሲቋረጥ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። ሆኖም ዕቃው የተጓጓዘው በአብዛኛው በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በሚያልፈው የመኪና መንገድ ስለነበር ድሬዳዋን አልነካም። ወደቡ ቢመለስም የድሬዳዋ ድርሻ ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው የባቡሩ እርጅናና የሰላም መታጣት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ወረራ ከተማዋ ራሷ የጦርነት ዐውድማ ሆና ነበር፤ የባቡር መስመሩም ተቋርጦ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ ሜትር ስፋት ያለው የቀድሞው ሐዲድ፣ ድልድዮቹና ሞተሮቹ በቂ እድሳት ሳያገኙ አረጁ። ባቡሩ እየቆየ፣ እየዘገየና ጭነቱ እየቀነሰ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ጋር የነበረው አገልግሎት ቆመ። በጋራዡ የሙያ ክህሎት ያካበቱ ሠራተኞችና በጣቢያው ዙሪያ በንግድ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች መተዳደሪያቸው ተናጋ።

ሦስተኛው የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የከተማዋ የአስተዳደር ሁኔታ ለዓመታት እልባት ሳያገኝ ቆየ። የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ጸድቆ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግሥት ከሆነ በኋላ ነው የረጅም ጊዜ ዕቅድ አውጥቶ ለመሥራት የሚያስችል ግልጽ መሠረት የተገኘው። በዚህ ላይ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ያደረሰው የጎርፍ አደጋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ በወንዙ ዳር የነበሩ መኖሪያዎችንና የገበያ ቦታዎችንም ጠርጎ ወስዷል። አደጋው የከተማዋ አሰፋፈር ከወንዙ ጋር ያለው ግንኙነት በፕላን ሊመራ እንደሚገባ ያሳየ ከባድ ትምህርት ነበር።

ነባር ሰፈሮች ለምን ያረጃሉ?

የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ብቻውን የሰፈሮችን ማርጀት አያብራራም። በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች የአገራችን ነባር ከተሞች የጋራ የሆነ አንድ ምክንያት አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። አዋጁ ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በአነስተኛ ኪራይ መጠለያ እንዲያገኙ አስችሏል። በሌላ በኩል የሚሰበሰበው ኪራይ ቤቱን ለማደስ የሚበቃ ስላልነበር፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት ስለማይደፍር፣ ቤቶቹ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ጥገና ቆዩ። በዛሬው ጊዜ በመሐል ከተማ የሚታዩት ጣሪያቸው የዛገና ግድግዳቸው የዘመመ ቤቶች በአብዛኛው የዚህ ታሪክ ውጤቶች ናቸው።

ይህ እውነታ ለነባር ከተሞች እድሳት ሁለት ገጽታ ያለው ነው። በአንድ በኩል ቤቶቹ ለኑሮ የማይመቹ በመሆናቸው መልሶ ማልማት አስፈላጊ ነው። በሌላ በኩል በእነዚያ ቤቶች የሚኖሩት ከማንም በላይ ከሥራ ቦታቸው፣ ከገበያቸውና ከዕድራቸው መራቅ የሚጎዳቸው ዜጎች ናቸው።

ዳግም መነሣት

የድሬዳዋ ማንሰራራት የጀመረው ከተማዋን ከወለደው ከዚያው ጉዳይ፣ ማለትም ከባቡር ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሯል። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር በመሆኑ ከቀድሞው መስመር የበለጠ ጭነትና ፍጥነት ይፈቅዳል። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ የተዘረጋው 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድም ከተማዋን ከጅቡቲ ድንበር ጋር በመኪና አገናኝቷል። በዚህም ለአሥርተ ዓመታት ከድሬዳዋ ውጭ ሲያልፍ የነበረው የወደብ ንግድ ከፊሉ ወደ ከተማዋ የሚመለስበት በር ተከፍቷል።

ከቀድሞው ጊዜ የሚለየው ግን ከተማዋ በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ አለመቆሟ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የሰው ኃይል ያፈራል። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ሥራ እንዲጀምር ተደርጓል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው የሲሚንቶ ምርትም ዛሬ በአካባቢው ዋና ኢንዱስትሪ ሆኖ ቀጥሏል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪዎች መኖራቸውን፣ ከእነዚህም ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆኑት ከተሜዎች መሆናቸውን አሳይቶ ነበር።

ያም ሆኖ ማንሰራራቱ ሁሉንም ሰፈር በእኩል እንደማይነካ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከመሐል ከተማው ውጭ በመሆኑ፣ አዲሱ እንቅስቃሴ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ያዘነብላል። ቀድሞ በከዚራው ምድር ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የነበረው የሻይ ቤት፣ የአልጋ ቤትና የችርቻሮ ንግድ በራሱ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የነባሩ መሐል ከተማ ዕጣ የሚወሰነው ለታሪካዊ ሕንፃዎቹ፣ ለጎዳናዎቹና ለነዋሪዎቹ በሚሰጠው ትኩረት ነው። የከዚራ ጎዳናዎች፣ የድሮው ጣቢያና ጋራዥ ታሪክን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ የሚታዩ ቅርሶች በመሆናቸው፣ ፈርሰው በአዲስ ከመተካት ይልቅ ታድሰው አገልግሎት ቢሰጡ ለከተማዋ የገቢ ምንጭ ይሆናሉ።

ማንሰራራቱ ለነዋሪው ይዞት የሚመጣው

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም በመስፋፋቱ፣ በነባር ሰፈሮች የሚኖሩ ዜጎች ስለ መብትና ግዴታቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ ጨምሯል። የእነዚህ ጥያቄዎች መሠረታዊ መልስ በኢትዮጵያ ፌደራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገኛል።

በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ነዋሪው ግን በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። በአንቀጽ 44 መሠረት ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ከቦታው የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው፤ ይህም በበቂ የመንግሥት ዕርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርን ይጨምራል። አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍና የአካባቢያቸውን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። የአፈጻጸሙ ዝርዝር የመሬት ይዞታን ለሕዝብ ጥቅም ስለማስለቀቅ፣ ካሳ ስለመክፈልና ተነሺዎችን መልሶ ስለማቋቋም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማሻሻያው ይመራል።

ነዋሪዎች አስቀድመው ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መብት በሕግ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በሥራ ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ችግሮች የሚፈጠሩት ሰነድ ሳይሟላ ወይም የጊዜ ገደብ ሲያልፍ ነው። በመሆኑም ከተማቸው በመልማት ላይ ያለ ነዋሪዎች ማስታወቂያ እስኪደርሳቸው ሳይጠብቁ የሚከተሉትን ቢያከናውኑ ይመከራል።

አንደኛ፣ የከተማውን ፕላን ማወቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማ ፕላኖች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ተብለው ይከፈላሉ። መዋቅራዊ ፕላን ከተማው በሙሉ ወደፊት የሚያድግበትን አቅጣጫ ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ አንድ የተወሰነ ሰፈር ለምን አገልግሎት እንደሚውል በዝርዝር ያስቀምጣል። ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት የሚሰጥበት መሆኑም በሕጉ ታስቧል። ነዋሪው ይዞታው በፕላኑ ላይ ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ ሥፍራ የተመደበ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቆ መረዳት ይገባዋል። በፕላኑ የመንገድ መስመር ውስጥ ባለ ቦታ ላይ አዲስ ግንባታ መጀመር ለኪሳራ ይዳርጋል።

ሁለተኛ፣ የይዞታ ሰነድን ማሟላት ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የዓመታዊ የቦታና የቤት ግብር ደረሰኞች፣ ይዞታው በውርስ የተላለፈ ከሆነም የወራሽነት ማረጋገጫ በአንድነት ተሟልተው መቀመጥ አለባቸው። ካርታው አሁንም በሟች ወላጅ ስም ከሆነ፣ ወራሾች ተስማምተው የስም ዝውውሩን በጊዜ ማስፈጸም ይኖርባቸዋል። የልማት ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ የውርስ ክርክር የካሳ ክፍያን ያጓትታል። የይዞታ ሰነድ የሌላቸው ነዋሪዎችም ሰነድ አልባ ይዞታዎች የሚስተናገዱበትን ሥርዓት ከከተማቸው የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባል።

ሦስተኛ፣ በይዞታ ማረጋገጥ ሥራ መገኘት ነው። አዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የጣለለት የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ የእያንዳንዱ ይዞታ ወሰን ተለክቶ፣ የባለይዞታው ማንነት ተረጋግጦ በመዝገብ እንዲሰፍር ያደርጋል። የማረጋገጥ ሥራው በሰፈሩ ሲካሄድ ባለይዞታው ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ተገኝቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ወሰኑን ማሳየት አለበት። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄዱ ባለይዞታዎች አስቀድመው ሕጋዊ ውክልና ቢሰጡ መብታቸውን ይጠብቃሉ።

አራተኛ፣ የመንግሥትና የቀበሌ ቤት ተከራዮች ውላቸውን ማደስ አለባቸው። ተከራይ የቤቱ ባለቤት ባለመሆኑ የሚስተናገደው በተከራይነቱ ነው። ስለዚህ በራሱ ስም የተዋዋለው የኪራይ ውልና የኪራይ ደረሰኞች ምትክ መኖሪያ ለመጠየቅ መነሻዎቹ ናቸው። ውሉ በሟች ስም የቀጠለባቸው ቤተሰቦችም ጉዳዩን ሳያዘገዩ ለወረዳቸው ወይም ለቀበሌያቸው ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

አምስተኛ፣ ቅርስነት ያላቸው ቤቶች ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ማፍረስ ወይም ቅርጹን መለወጥ የተከለከለ ነው። አሮጌ ቤት ያለው ነዋሪ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አጣርቶ ነው እድሳት መጀመር ያለበት።

ስድስተኛ፣ ቅሬታን በጊዜው ማቅረብ ነው። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ወይም የካሳ ግምት የደረሰው ሰው ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን መመዝገብ፣ ግምቱ የተሰላበትን ዝርዝር በጽሑፍ መጠየቅና ቅሬታውን በሕግ በተቀመጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ለቅሬታው የገቢ ደብዳቤ ቁጥር መቀበልም አስፈላጊ ነው። በቃል የቀረበ ቅሬታ ለይግባኝ መነሻ ሊሆን አይችልም።

የድሬዳዋ ትምህርት ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የድሬዳዋ ጉዞ ለትላልቅ ከተሞች ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት የምዕራብ ሸዋ ከተሞችም እያንዳንዳቸው የተቆረቆሩበት ምክንያት አላቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማገዶ እጥረት የገጠማትን አዲስ አበባን ትተው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ሲቀር ግንባታው ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። የባሕር ዛፍ መስፋፋት አዲስ አበባን በቦታዋ አጸናት፤ አዲስ ዓለም ደግሞ መናገሻ የመሆን ዕድሏ ቢያመልጣትም በመንገድ ዳር ንግድና በታሪካዊ ቤተ ክርስቲያኗ ኑሮዋን ቀጠለች።

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ የምትታወቀው በፍል ውኃዋና ከ80 ዓመት በላይ በጠርሙስ ሲታሸግ በቆየው የማዕድን ውኃ ነው። ሆኖም አምቦ በውኃው ብቻ አልተወሰነችም። ከእርሻ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ያደገው ዩኒቨርሲቲ፣ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከልና የዞኑ መቀመጫ መሆኗ ተጨማሪ ምሰሶዎቿ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 48,171 ነበር። ወደ ወንጪና ወደ ደንዲ ሐይቆች የሚሄደው የጎብኚ እንቅስቃሴም ለአካባቢው ከተሞች አዲስ ዕድል ይዟል። የጀልዱ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጎጆ ደግሞ ገብስና ድንች በሚመረትበት ደጋ መካከል የምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ ናት፤ ዕድገቷም ከገበሬው ምርትና ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው።

ከእነዚህ ከተሞች መካከል በአንድ ምሰሶ ብቻ የቆመ ከተማ ምሰሶው ሲወድቅ አብሮ እንደሚወድቅ፣ የተለያዩ መተዳደሪያዎች ያሉት ግን ችግርን እንደሚቋቋም የድሬዳዋ ታሪክ ያስረዳል። በአነስተኛ ከተሞች የመሬት ዋጋ ገና ሳይንር፣ ክርክርም ሳይበዛ ይዞታን ማስመዝገብ ቀላልና ወጪውም አነስተኛ ነው። ሰነዱን ዛሬ ያሟላ የጎጆ ወይም የጊንጪ ነዋሪ ከተማው ነገ ሲያድግ የዕድገቱ ተካፋይ ይሆናል።

አገልግሎት የት ይገኛል?

የፕላን መረጃ፣ የግንባታ ፈቃድና የይዞታ አገልግሎት የሚሰጠው ይዞታው በሚገኝበት ከተማ ማዘጋጃ ቤትና በሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች ነው። ተገልጋዮች ሲቀርቡ መታወቂያ፣ የይዞታ ወይም የኪራይ ሰነድ ዋናውንና ቅጂውን፣ የቅርብ ጊዜ የግብር ወይም የኪራይ ደረሰኝ፣ በወኪል የሚቀርቡ ከሆነም ሕጋዊ የውክልና ማስረጃ ይዘው መገኘት ይጠበቅባቸዋል። ለአገልግሎት ክፍያ ሲጠየቁ ሕጋዊ ደረሰኝ የመቀበል፣ ጥያቄያቸው ውድቅ ሲሆንም ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘት መብታቸውን ሊጠቀሙበት ይገባል።

የነባር ከተማ ትንሣኤ የተሟላ የሚሆነው ከተማውን በክፉ ጊዜ ሳይለቁ የቆዩት ነዋሪዎች በደጉም ጊዜ በከተማቸው የመኖር ዕድል ሲያገኙ ነው። ለዚህም ሕግን በአግባቡ የሚያስፈጽም አስተዳደርና መብቱን በሰነድ ያጸና ነዋሪ እኩል ያስፈልጋሉ።